ልጅዎ «አንብብ» ሲባል ፊቱን ካጠቆረ

ልጄ 8 ዓመቱ ሳለ መጽሐፍ ባነሳሁ ቁጥር ውሃ ጠማኝ ይል ነበር። የታረቅነው ጄፍ ስሚዝ በጻፈውና በሣለው «ቦን» በተባለው ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች በሚተረክ መጽሐፍ ነው። ከከተማቸው የተባረሩ ሦስት ዘመዳሞች ዘንዶና ጭራቅ ካለበት ሸለቆ ይገባሉ። እኛ ቤት የሠራው እንዲህ ነው።

በወፍራሙ አትጀምሩ። ታሪኩ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2004 በ55 ክፍል በጥቁርና ነጭ ወጥቷል። ሁሉንም ያካተተው ጥራዝ ከ1300 ገጽ በላይ ነው፤ ልጅ ገና ሲያየው ይሸሻል። ከ2005 ጀምሮ በቀለም የታተሙ 9 ቅጾች አሉ። የመጀመሪያውን ብቻ ከቤተ መጻሕፍት ተዋሱ።

ከዚያ ዝም በሉ። ለእኔ ከባዱ ይህ ነበር፤ ቶሎ አንብቤ ገጹን መግለጥ እወዳለሁ። ሳቁ ያለው ግን በሁለት ሥዕሎች መካከል ባለችው ነጭ ክፍተት ውስጥ ነው። ከዘመዳሞቹ አንዱ ፎን ቦን ከሁለት ጭራቆች ሸሽቶ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እዚህ ድረስ የሚከተለኝ ጅል ብቻ ነው ብሎ ያስባል። ቀጣዩን ሥዕል በእጄ ሸፍኜ «አሁንስ ምን ይሆናል?» አልኩት። «እማዬ፣ አይመጡም፣ ይሰበራል እኮ!» እጄን አነሳሁ። ሁለቱም ጭራቆች ቅርንጫፉ ላይ ናቸው። ልጄ ከሶፋው ተንሸራቶ ወረደ፤ ያንን ገጽ አራት ጊዜ መልሰን አየነው።

ለጭራቆቹ ድምፅ አውጡላቸው፤ አንዱን ወፍራም፣ አንዱን አልቃሻ። አንደኛው ፎን ቦንን በኪሽ መልክ መጋገር ያምረዋል፤ ሌላው «ጭራቅ እንዲህ ያለ ምግብ አይበላም» ብሎ ይቆጣል። እዚህ ላይ ኪሽ ሊጥ ላይ እንቁላልና ወተት ፈስሶበት የሚጋገር መሆኑን መንገር ግድ ነው። ፍርሃቱን ሳቁ ስለሚያቀልለት፣ ልጁ አስፈሪውን ገጽ ራሱ ይገልጠዋል።

ስትጨርሱ «ምን ተማርክ?» አትበሉት፤ ፈተና ይሆንበታል። የሚነግረው ሰው ፈልጉለት። የእኔ ልጅ አዲስ አበባ ላለችው አያቱ በስልክ በአማርኛ ይተርክላታል። በረዶው በአንድ ጊዜ ዱብ የሚልበትን ሥዕል «እንደ ጆንያ ጤፍ ዝርግፍ አለ» ብሎ ነገራት። ኪሹን ስትሰማ ደግሞ «የእኛ ጭራቅ እቴ! ጥሬውን ነው የሚውጠው» አለችው።

በኋለኞቹ ቅጾች ጦርነቱና ጨለማው ይበረታል። እነሱን ቀን ቀን፣ አብራችሁ አንብቡ።