የጎልፍ አይረን ከመግዛታችሁ በፊት፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰው ከገዛቸው ሦስት ሳምንት የሆናቸውን አይረኖች፣ ራሳቸው ብረት የሆኑትን የጎልፍ ዱላዎች፣ ይዞ መጣ። «ወንድሜ፣ ዱላው ጥሩ ነው፤ 7 ቁጥሩ 160 ያርድ ይሄድልኛል። ግን ከ100 ያርድ ላይ ግሪን መምታት አቃተኝ» አለኝ፤ ግሪን የምንለው ቀዳዳው ያለበትን አጭር ሣር ነው። ቦርሳውን ሳልከፍት ችግሩ ገባኝ። በዋሽንግተን ዙሪያ የጎልፍ ዱላ እየጠገንኩና ለሰው እየለካሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ይህን ቅሬታ የሰማሁበትን ጊዜ ቁጥሩን አላውቀውም። እሱን ከሸኘሁት በኋላ ነው ልጻፈው ያልኩት።

ትልቁ ስህተት አይረንን በ7 ቁጥሩ ርቀት መምረጥ ነው። ዱላው ሥር የተቀረጸው ቁጥር ስም ብቻ ነው። የኳሱን ከፍታም ርቀትም በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት ወደ ኋላ የተጋደለበት ማዕዘን፣ ሎፍት የምንለው ነው፤ ሎፍቱ ሲያንስ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ 7 ቁጥር አይረን 35 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ዛሬ ለጀማሪና ለመካከለኛ ተጫዋች ከሚሸጡት ብዙዎቹ 28 ወይም 29 ዲግሪ ናቸው። ይህ የያኔው 5 ቁጥር ነው፤ ስሙ ብቻ 7 ተብሏል። እናንተ ግን ሱቅ ገብታችሁ አሮጌውን 7 ቁጥር ትመታላችሁ፣ ርቀት የሚለካው ማሽን 145 ይላል። አዲሱን ትመታላችሁ፣ 160 ይላል። ልባችሁ ይሞቃል፣ ካርዳችሁ ከኪስ ይወጣል። በእርግጥ የተወዳደሩት ግን 5 ቁጥርና 7 ቁጥር ናቸው። ሰው በላቡ ያገኘውን ከሺህ ዶላር በላይ በዚህች አንዲት ቁጥር ተደልሎ ሲያወጣ ማየት አሁንም ያናድደኛል። ሻጩ ሎፍቱን ያውቀዋል፤ ካልጠየቃችሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነግራችሁም።

አምራቾቹን ሙሉ በሙሉ አልወቅስም። የዛሬው አይረን ክብደቱ ወደ ታች ወርዷል፣ ፊቱም ስስና የሚነጥር ሆኗል፤ ስለዚህ ሎፍቱ ቢቀነስም ለብዙ ሰው ኳሱ ይነሳለታል። ለብዙ ሰው እንጂ ለሁሉም አይደለም። ዱላውን በዝግታ የሚያወዛውዝ ሰው በ28 ዲግሪ ሲመታ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ግሪኑ ላይ ተንሸራቶ ከኋላ ይወርዳል። ማሽኑ አጠገብ ስትቆሙ ከጠቅላላ ርቀቱ በፊት ኳሱ በአየር ላይ ብቻ የተጓዘውን፣ የወጣበትን ከፍታና መሬት ሲነካ ያለውን ማዕዘን ጠይቁ። ያ ማዕዘን ወደ 45 ዲግሪ ካልቀረበ ኳሱ ጠንካራ ግሪን ላይ አይቆምላችሁም።

ሌላው መዘዝ የሚታየው ከታች በኩል ነው። 7 ቁጥሩ ሲጠነክር፣ ማለትም ሎፍቱ ሲቀነስ፣ ለአጭር ርቀት የሚሆነው ፒቺንግ ዌጅም አብሮ ይጠነክራል። ድሮ 48 ዲግሪ አካባቢ የነበረው ዛሬ 43 ሆኗል፤ ከአሸዋ ለማውጣት የሚሆነው ሳንድ ዌጅ ግን እንደ ድሮው 54 ወይም 56 ላይ ነው። የቅዳሜው ሰውዬ ፒቺንግ ዌጅ 43 ነበር፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው 56። በመሃል 13 ዲግሪ ባዶ! በአንዱ 120 ይመታል፣ በሌላው 80፤ 100 ያርድ ላይ ሲቆም የሚመዘው ዱላ የለውም። ኳስ ደጋግሞ የሚወድቅበት ቦታ ደግሞ እዚያው ነው። በዌጆቹ መካከል ከአራት እስከ ስድስት ዲግሪ ልዩነት ይበቃል። ስለዚህ 48 እና 52 እንዲጨምር ነገርኩት፤ ሕጉ ከ14 ዱላ በላይ ስለማይፈቅድና ቦርሳው ሙሉ ስለነበር 3 እና 4 ቁጥር አይረኖቹን አወጣን። ከገዛቸው ጀምሮ አንድም ቀን በደንብ መትቷቸው እንደማያውቅ ራሱ ነገረኝ። በነገራችን ላይ 3 እና 4 ቁጥር አይረን ለአብዛኞቻችን አያስፈልጉም፤ ሃይብሪድ የሚባለውን፣ ራሱ ወፈር ያለና ኳስ በቀላሉ የሚያነሳውን ዱላ ግዙ።

ሁለተኛው ስህተት የራሴ ነው። ጎልፍ የጀመርኩት እዚሁ ዋሽንግተን፣ ላንግስተን ሜዳ ላይ ነው። ይህ ሜዳ ጥቁሮች በሌሎቹ የከተማዋ ሜዳዎች እንደ ልባቸው መጫወት በማይችሉበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ለእነሱ የተከፈተ ነው፤ እዚያ መጀመሬን ዛሬም እንደ ክብር እቆጥረዋለሁ። የመጀመሪያ አይረኖቼን ስገዛ ግን ታይገር ዉድስ የሚመታበትን ዓይነት፣ ጀርባው ያልተቦረቦረ ስስ ብረት፣ ብሌድ የሚባለውን ገዛሁ። ከአሥር ምት አንዱን መሃል ላይ ስመታ የሚሰማኝ ስሜት ሌላ ነበር። ዘጠኙ ግን አጥረው ይቀራሉ ወይም ወደ ቀኝ ይበራሉ፤ በኅዳር ብርድ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የእጄ ይመስለኝ ነበር።

አይረን የሚመረጠው በምርጡ ምት ሳይሆን በተበላሸው ነው። የፒንግ መሥራች ካርስተን ሶልሃይም ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ የሚሠራ ኢንጂነር ነበር። ክብደቱን ከዱላው ራስ መሃል አንስቶ ወደ ዳር ሲወስደው ኳሱ ከመሃል ወጣ ብሎ ቢመታም የዱላው ራስ ብዙ እንደማይጠማዘዝ አሳየ። ዛሬ ጀርባቸው የተቦረቦረ አይረኖች ሁሉ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ስትሞክሩ አሥር ኳስ ምቱ፤ ምርጦቹን ሁለት ሰርዙና ከቀሩት ስምንቱ ውስጥ ረጅሙና አጭሩ በስንት ያርድ እንደሚራራቁ እዩ። ልዩነቱ ጠባብ የሆነበት ዱላ የእናንተ ነው፤ አምስት ያርድ ቢያጥርም።

ስለ ሻፍት፣ ማለትም ስለ ዱላው ዘንግ፣ ሳነሳ ሁልጊዜ ትዝ የምትለኝ አንዲት ነርስ አለች። ባሏ አዲስ ሲገዛ አሮጌዎቹን ሰጣት፦ እያንዳንዱ ሻፍት 130 ግራም ገደማ የሚመዝን ብረት፣ ያውም ስቲፍ የሚባለው የማይተጣጠፈው። ማታ ሥራ አድራ ጠዋት መለማመጃ ሜዳ የምትመጣ ብርቱ ሴት ናት። ኳሱ ግን ከጉልበቷ በላይ አይነሳም። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም መሰለኝ» አለችኝ። 60 ግራም የሚሆን፣ ከብረት የሚቀል ግራፋይት ሻፍት ያለው፣ ሎፍቱም ከፍ ያለ 7 ቁጥር ሰጠኋት። ስድስተኛው ኳስ ተነሳ፤ እስኪወርድ ድረስ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ምንም ሳትናገር ሌላ ኳስ አስቀመጠች። የሌላ ሰው ዱላ ወርሳችሁ የምትጫወቱ ሁሉ፣ እባካችሁ ራሳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ሻፍቱን አስመዝኑ። ሻፍቱ ላይ «ሬጉላር» ወይም «ስቲፍ» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አትመኑ፤ ሁሉም አምራች የሚስማማበት መለኪያ ስለሌለ የአንዱ ሬጉላር የሌላውን ስቲፍ ያህል ሊጠነክር ይችላል። ግራፋይት የሽማግሌና የሴት ነው የሚለውንም ተዉት፤ ክርናቸውን የሚያማቸው ስንት ጎልማሶች በብረት ሻፍት ሲሰቃዩ አይቻለሁ።

ዱላው መሬት ላይ የሚያርፍበትን ማዕዘን የሚያስለካ ሰው ጥቂት ነው። የዱላው ራስ ጫፍ፣ ከሻፍቱ የራቀው ወገን፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ ኳሱን ከነካ፣ ቀኝ እጅ ለሆነ ተጫዋች ኳሱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ተረከዙ፣ ለሻፍቱ የቀረበው ወገን፣ ከተነሳ ወደ ቀኝ። ሰውዬው ታዲያ ይህን ለማረም አመታቱን ያጣምማል፤ ከዚያ በኋላ አስተማሪም አያቃናውም። በቤታችሁ ልትፈትሹት ትችላላችሁ። በሚጠፋ ማርከር ኳሱ ላይ ወፍራም መስመር አስምሩ፣ መስመሩን ወደ ዱላው ፊት አዙራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ምቱ። ቀለሙ ዱላው ፊት ላይ ይታተማል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ደህና ነው፤ የመስመሩ አናት ወደ ዱላው ጫፍ ካዘነበለ ጫፉ ተነስቷል ማለት ነው፣ ወደ ተረከዙ ካዘነበለ ደግሞ ተረከዙ። ማጠፊያ ማሽን ያለው ጥገና ቤት በደቂቃዎች ያስተካክለዋል። ተቀጥቅጦ የተሠራው ለስላሳ ብረት በቀላሉ ይታጠፋል፤ በቅርጽ የፈሰሰው ግን ከሁለት ዲግሪ በላይ አይገፋም፣ ሊሰበር ይችላል። ቁመታችሁ ብቻ አይበቃም፦ ረጅም ሰው እጁም ረጅም ከሆነ መደበኛው ሊበቃው ይችላል።

ምንጣፍ ላይ ብቻ ሞክሮ መግዛትም አለ። ከኳሱ ኋላ ሦስት ጣት ያህል ቀድማችሁ መሬቱን ብትመቱ ምንጣፉ ዱላውን አንሸራቶ ወደ ኳሱ ያደርስላችኋል፤ ቁጥሩም ያማረ ይሆናል። ዝናብ ባራሰው የቨርጂኒያ ሣር ላይ ያው ምት ጭቃ ቆፍሮ ይቀራል። ኳሱን ሳይሆን መሬቱን ቀድማችሁ የምትመቱ ከሆነ ሥሩ ሰፋ ያለ አይረን ይሻላችኋል። የሚቻል ከሆነ ሣር ላይ ሞክሩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት መኪና ስትነዱ ውላችሁ በቀጥታ ለመለካት አትምጡ። የደከመ ሰው አመታት የራሱ አይደለም፤ ሰውነታችሁ ሳይሟሟቅ የተለካውም እንዲሁ። ግማሽ ባልዲ ኳስ መትታችሁ ጀምሩ።

ዋጋው ከሁሉም ሱቅ በግማሽ የረከሰ አዲስ ዱላ ኢንተርኔት ላይ ካያችሁ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ ተነሱ። አሮጌ ስትገዙ ሻፍቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸውን እዩ።

ገና ለምትጀምሩ ደግሞ፦ ሙሉ ስብስብ አትግዙ። 6፣ 8፣ ፒቺንግ ዌጅና ሳንድ ዌጅ፣ አሮጌም ቢሆኑ፣ አንድ ዓመት ያስኬዷችኋል። የቀረውን ገንዘብ ለአስተማሪ ክፈሉት። አመታታችሁ በየወሩ እየተለወጠ ሳለ ዛሬ የተለካ ዱላ ከስድስት ወር በኋላ አይሆናችሁም፤ ጀማሪ ሲመጣ ይህን ነግሬ ብዙ ሽያጭ አጥቻለሁ፣ አልቆጭም።

ለአዲስ አበባ ወንድማቸው ወይም አባታቸው አይረን የሚገዙም ይመጣሉ። እዚያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ እዚህ ከሚሄደው አንድ አሥረኛ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ርቀት የሚጨምር ጠንካራ ሎፍት ለእነሱ አትፈልጉ። ስሱ አየር ኳሱን እንደዚህ ቦታ ከፍ አድርጎ ስለማይዘው ግሪን ላይ ማቆም ይከብዳል፤ ሎፍቱ ከፍ ያለውን ምረጡላቸው። በዱላዎቹ መካከል ያለው ርቀትም አብሮ ስለሚሰፋ ዌጆቹን አጥብባችሁ አዘጋጁ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ደውሉ፦ ጫማ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ታች ለቀው ከእጅ አንጓቸው እስከ ወለሉ ያለውን በሜትር ያስለኩና ከቁመታቸው ጋር ይላኩላችሁ። ሲመቱ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮም ከጎን በኩል ያስቀርጹ። እነዚህን ሦስቱን ይዛችሁ ስትመጡ ቢያንስ የሻፍቱን ርዝመትና ክብደት በግምት አንመርጥም።