ተዳፋት የሣር ቦታን ወደ ጓሮ አትክልት ለመቀየር

በጎንደር ተዳፋት የሣር ግቢ ኖሯችሁ አትክልት ልታለሙበት ካሰባችሁ፣ እርከኑን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሳይደርስ በበጋው ሠርታችሁ ጨርሱ። ከሁሉ አስቀድሞ ከቦታው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ ብዙ ሰው ይህን ትቶ በቀጥታ ወደ ካቡ ይሮጣል። ሰርዶው ከነሥሩ ተለቅሞ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ ቁራጭ ከቀረ መልሶ ያቆጠቁጣል። የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ይከመር። የድንጋዩ ካብ ያለ ሲሚንቶ፣ ወደ ዳገቱ ጥቂት ዘንበል ብሎ ከተሠራ፣ ውኃው በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ስለሚወጣ በቀላሉ አይናድም፤ መደቡ በውኃ ልክ ከተስተካከለ በኋላም ለሙ አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ ይመለስበታል። ለመጀመሪያው ዓመት ጎመንና ድንች ይበቃሉ፤ ካሮት ግን ጠጠሩ በሚገባ ሳይለቀም ባይዘራ ይሻላል፤ ሥሩ ይጣመማል።