«ደብዳቤው አልደረሰኝም» ከማለትዎ በፊት

የድጎማ ክፍያ ሲቋረጥ ወይም ሲቀነስ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ወደ ገንዘቡ እንኳ አይደርስም። መሥሪያ ቤቱ «ደብዳቤ ልከናል፤ የይግባኝ ጊዜዎ አልፏል» ይላል። ሰውየው «የምን ደብዳቤ?» ይላል። እውነት ይዞ መሸነፍ ያንገበግባል። ስለዚህ እነዚህን ስህተቶች አይሥሩ።

ፖስታውን መጣል። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን የተጻፈበት እንጂ የተላከበት ላይሆን ይችላል። ደብዳቤው በ3 ተጽፎ የፖስታው ማኅተም 9 ካለ፣ መሀል ላይ የጠፉትን ስድስት ቀናት የሚመሰክርልዎ ያ ፖስታ ነው። እሱ ግን ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል። ፖስታውን ማኅተሙ ሳይቀደድ ይክፈቱ። እጅዎ የገባበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉበት፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፣ ከደብዳቤው ጋር ያያይዙት። ማኅተም የሌለው ፖስታም ስላለ ይህ ማስታወሻ በጣም ይጠቅማል።

«ካልፈረምኩ አልደረሰኝም» ማለት። ሕጉ እንዲህ አይልም። በአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት የጡረታና የአካል ጉዳት ክፍያ) ውሳኔ ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን በኋላ በ5 ቀን ውስጥ እንደደረሰ ይገመታል፤ 60 የይግባኝ ቀናት ከዚያ ይቆጠራሉ። በጀርመን በተራ ፖስታ የተላከ ውሳኔ በተላከ በ4ኛው ቀን እንደደረሰ ይወሰዳል፤ እስከ 2024 ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) 3ኛው ቀን ነበር። ግን ግምት ግምት ነው፤ ሊፈርስ ይችላል። በጀርመን ጥርጣሬ ከተነሳ መድረሱንና የደረሰበትን ቀን ማስረዳት ያለበት መሥሪያ ቤቱ ነው።

«አልደረሰኝም» እና «ዘግይቶ ደረሰኝ» የሚሉትን መደባለቅ። ጭራሽ ያላየውን ደብዳቤ ማንም በዝርዝር ሊያስረዳ አይችልም። ዘግይቶ የደረሰው ሰው ግን መቼ እንደመጣና ከሳጥኑ ማን እንዳወጣው መናገር አለበት። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ካሉ እውነተኛ ቢሆኑም አይታመኑም።

የመሥሪያ ቤቱን የወጪ ደብዳቤ መዝገብ አለመጠየቅ። ደብዳቤው ኮምፒውተር ላይ መኖሩ ለፖስታ ቤት መሰጠቱን አያሳይም። ደፈር ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፦ በየትኛው ቀን ወጣ? በየትኛው አድራሻ? ተመልሶ መጥቶ ነበር ወይ? አድራሻው ላይ አንድ የቤት ቁጥር ተሳስቶ ከተገኘ የክርክሩ መልክ ይለወጣል። እርስዎ ቤት ቀይረው ሳያሳውቁ ከሆነ ግን ጥፋቱ ወደ እርስዎ ይዞራል።

እርስዎ ደብዳቤ ሲልኩ የአደራ ደረሰኝ ሁሉን ያረጋግጣል ብሎ መተማመን። ደረሰኙ ፖስታ መላኩን እንጂ ውስጡ ምን እንደነበር አይናገርም። ከማሸግዎ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ያንሱ፤ የአደራ ቁጥሩን በራስዎ ቅጂ ላይ ይጻፉ። ሲያሽጉ ያየ ሰው ቢኖር ደግሞ ጥሩ ነው። በአካል የሚያስገቡ ከሆነ ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳይዙ ከመስኮቱ አይነሱ።

«ጊዜው አልፏል» ሲባል ወደ ቤት መመለስ። በብዙ አገር በቂ ምክንያት ላለው ሰው የዘገየ ይግባኝ ይታያል። የዘገዩበትን ምክንያትና ይግባኙን በአንድ ቀን አብረው ያስገቡ። የመጀመሪያውን መልስ ሲጠብቁ የሁለተኛው ጊዜ እንዳያልፍብዎ።