በስጦታ መሬት ላይ የተፈጥሮ ካምፕ ስትጀምሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ለልጆች የተፈጥሮ ካምፕ ይሁን ብሎ ቦታ የሚሰጥ ደግ ሰው አይጠፋም። ጣጣው የሚመጣው ከተሰጠ በኋላ ነው።

ትልቁ ስህተት የቃል ስጦታን ይዞ ሥራ መጀመር ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ይህ መብት በስጦታ ለማኅበር ይተላለፍ እንደሆነ የወረዳውን መሬት አስተዳደር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ካልሆነ በጽሑፍ የተመዘገበ የኪራይ ውል ይሻላል። አረንጓዴውን የይዞታ ደብተርም ገልጣችሁ እዩት። የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። «አያ ፈቅደዋል» ብቻ አይበቃም፤ ባለቤታቸውስ? ከተማ የገቡት ልጆችስ? ዛሬ ካልተጠየቁ ነገ «የአባታችን መሬት» ብለው ይመጣሉ። እውነት አላቸው።

ሁለተኛው የችኮላ አጥር ነው። ባዶ የሚመስለው ሜዳ የጎረቤት ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበት ሊሆን ይችላል። መንገዱን ትታችሁ እጠሩ።

የከተማ በጎ ፈቃደኛ የሚመቸው ቅዳሜና እሑድ ነው። አገሬው ደግሞ በሁለቱም ሰንበት አፈር አይነካም። በወር በ12፣ በሚካኤል ቀን ዶማ ይዛችሁ ብትወጡም መንደሩ በሙሉ ዝናብ የቀረው፣ በረዶ የጣለው በእናንተ ነው ይላል። ቁፋሮውን በሥራ ቀን አድርጉት። በሰንበት ልጆቹን ዛፍና ወፍ አስተምሩ፤ ማን ይከለክላችኋል?

ቶሎ ያድጋል ብላችሁ ባሕር ዛፍ አትትከሉ። ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደልቡ አይበቅልም። ልጆቹ ባሕር ዛፍ ለማየት ካምፕ ድረስ መምጣት አያስፈልጋቸውም፤ በየጓሯቸው አለ። ለደጋው ኮሶ፣ ወይራና ጥድ አለላችሁ። ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፣ ችግኙ በሐምሌ ይተከል።

ትምህርት ቤት ተዘግቷል ተብሎ በሐምሌና በነሐሴ ልጅ ማሳደርም አይሆንም። ጭቃው፣ ጎርፉና መብረቁ መከራ ነው። ከጥቅምት በኋላ ይሻላል። ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚወጣው የጮቄ ተራራ ከተጠጋችሁ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቀልድ አያውቅም። ለእያንዳንዱ ልጅ ጋቢ፣ ከሥር ደግሞ ፍራሽ ይኑር። ምሽት ላይ እሳት ስታነዱ ከጓሳውና ከደረቁ ሣር ራቁ።

ሽንት ቤቱን ከምንጩ በላይ አትቆፍሩ። ከታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።