ባክቴሪያ ቀዳዳ ለቀዳዳ ሲዋኝ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባክቴሪያ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሚዋኝበት መንገድ የሚሠራው አብዛኛው ስህተት ምንጩ አንድ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሥር በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ያየነውን እንዳለ አንሥተን አፈርና ደለል ውስጥ እናስገባዋለን።

ፈጣን ዋናተኛ ሩቅ ይደርሳል ማለት። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ጅራፍ መሰል ጭራዎቹን እንደ ነዶ አስሮ ለአንድ ሰከንድ ያህል ይገሰግሳል፤ ከዚያ ነዶው ይፈታና ባለበት ተገለባብጦ አቅጣጫ ይቀይራል። በዘር ለውጥ መገለባበጥ ያቃተው ባክቴሪያ በጠራ ፈሳሽ ሽምጥ ይጋልባል። ለስላሳ አጋር (ባክቴሪያ የሚዘራበት፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ጄል) ውስጥ ሲገባ ግን መውጫ የሌለው ቀዳዳ ውስጥ ይቀረቀርና ግድግዳ ሲገፋ ይውላል። ተመራማሪዎቹ ዎልፍና በርግ ይህን ያሳዩት በ1989 ነው። ጊዜ የሚያባክን የሚመስለው መገለባበጥ ለካ የማምለጫ ዘዴ ነው!

በቀዳዳ ውስጥም ያው ዋና ነው፣ ርቀቱ ብቻ ያጥራል ብሎ ማስላት። ለረጅም ጊዜ የተለመደው ስሌት ይህ ነበር፤ አፈር ብርሃን ስለማያሳልፍ ውስጡን በቀጥታ ማየት ከባድ ነበር። በ2019 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ባታቻርጂና ዳታ በጥቃቅን የጄል ቅንጣቶች የታጨቀ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ናሙና ሠርተው ባክቴሪያዎቹን አንድ በአንድ ተከታተሉ። የታየው መዝለልና መጠመድ ነው። ባክቴሪያው ክፍት መንገድ ሲያገኝ ይዘላል፤ ጠባብ ቦታ ሲደርስ ይያዛል፤ እዚያው እየተወዛወዘ አካሉን ወደ መውጫው እስኪያዞር ይቆያል። አብዛኛው እስር አጭር ነው፤ ጥቂቱ ግን እጅግ ይረዝማል። ስለዚህ አማካዩን ብቻ ይዞ የስርጭቱን ፍጥነት መገመት ያሳስታል።

ጭራው ቢቆምም በያዘው ግፊት ይንሸራተታል ማለት። አይንሸራተትም። ባክቴሪያን ለሚያህል ጥቃቅን አካል ውሃ እንደ ማር የወፈረ ያህል ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ ፐርሴል በ1977 እንዳሰላው ባክቴሪያው የሚቆመው ከአንድ አቶም ስፋት ባነሰ ርቀት ውስጥ ነው።

ምግቡን እንደ ቋሚ መልክዓ ምድር መቁጠር። ባክቴሪያዎቹ በዙሪያቸው ያለውን ይበሉና ወደፊት ብቻ ምግብ የበዛበትን ድንበር ራሳቸው ይፈጥራሉ፤ መንጋው የሚጓዘው ያንን ተከትሎ ነው።

ባክቴሪያዎቹ ከተዘሩበት ነጥብ ሲሰራጩ በአጋር ላይ የሰፋውን ቀለበት የዋና ፍጥነት ብሎ መለካት። ቀለበቱ ውስጥ መራባትም፣ ምግብ መከተልም፣ ከወጥመድ ማምለጥም አለ። ጎን ለጎን ጭራ የሌለውን ዝርያ ዘርተው ያወዳድሩ፤ እሱ በተዘራበት ቦታ ጠርዙ ጥርት ያለች ነጥብ ሆኖ ይቀራል።