ሃርድዌሩ ራሱ ለሚያብለጨልጨው ኤልኢዲ የሊኑክስ ድራይቨር በይነገጽ እንዴት ይሠራል?

በሊኑክስ ከርነል ውስጥ «ፓተርን» የሚባለው ትሪገር (ኤልኢዲው መቼና እንዴት እንደሚበራ የሚወስን የከርነል ክፍል) ኤልኢዲን በሶፍትዌር ቀስ በቀስ ሲያደምቅና ሲያደበዝዝ በየ50 ሚሊሰከንዱ የብርሃኑን መጠን ይቀይራል። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 20 ጊዜ ይነቃል፤ ኤልኢዲው አይቱሲ (I2C፣ ቺፖችን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኝ) መስመር ላይ ከሆነም 20 ጊዜ መልእክት ይላካል። በባትሪ ለሚሠራ መሣሪያ ይህ ንጹህ ብክነት ነው። ብዙ የኤልኢዲ ቺፖች ሥራውን ብቻቸውን መሥራት ይችላሉ። ከባዱ ነገር ያንን ችሎታ ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች በምን መልክ እንደምታቀርቡት መወሰን ነው።

1. ቺፑ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ዳታሺቱን ከፍታችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱ፦ ቺፑ በጊዜ ውስጥ ምን ማድረግ ይችላል?

ማብራትና ማጥፋት ብቻ ከሆነ «ብሊንክ_ሴት» የሚባለው የድራይቨር ተግባር ይበቃችኋል። የመብራቱና የመጥፋቱ ጊዜዎች ሁለቱም ዜሮ ሆነው ከመጡ ድራይቨሩ ራሱ ተገቢ ጊዜ ይመርጣል፤ የተጠየቀውን በትክክል መስጠት ካልቻለም በተግባር የሚሠራበትን ጊዜ መልሶ ይጽፋል። ስህተት ከመለሰ ከርነሉ ወደ ሶፍትዌር ብልጭታ ይዞራል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ «አልችልም» ማለት ምንም አያስከፍልም።

የብርሃን መውጣት፣ መቆየት፣ መውረድ የሚባሉ ምዕራፎች ካሉት ወይም ፓተርኑን ከሰንጠረዥ የሚያነብ ከሆነ ፓተርኑን የሚያስጀምረው «ፓተርን_ሴት» እና የሚያጠፋው «ፓተርን_ክሊር» ያስፈልጋሉ። እዚህ ግን ወደ ሶፍትዌር መመለሻ የለም፤ የመለሳችሁት ስህተት በቀጥታ ለጻፈው ሰው ይደርሳል። ኤልኢዲው የኔትወርክ ወደብን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ «ኔትዴቭ» ትሪገር ለዚያ የራሱ የሃርድዌር ቁጥጥር መንገድ አለው።

2. የብርሃን መጠኑን መጀመሪያ አስተካክሉ

ወደ ቺፑ መጻፍ መተኛት (ሥራው እስኪያልቅ ኮዱ ቆሞ መጠበቅ) የሚጠይቅ ከሆነ (አይቱሲ ሁልጊዜ ይጠይቃል) «ብራይትነስ_ሴት_ብሎኪንግ»ን ሙሉ። «ብራይትነስ_ሴት» መተኛት በማይፈቀድበት ቦታም ሊጠራ ይችላል። በእጅ ቁጥር እየጻፋችሁ ስትሞክሩ ስህተቱ አይታይም፤ የታይመር ወይም የልብ ምት ትሪገር ስታበሩ ግን ከርነሉ መጮህ ይጀምራል። ስለዚህ በእጅ የተደረገ ሙከራ እዚህ ማስረጃ አይሆንም።

3. የራሳችሁን ፋይል አትፍጠሩ

ለእያንዳንዱ ሬጂስተር (በቺፑ ውስጥ ቅንብር የሚጻፍበት ቦታ) አንድ የሲስኤፍኤስ ፋይል (ተጠቃሚ ፕሮግራሞች ከከርነሉ ጋር የሚነጋገሩበት ፋይል) ማውጣት ፈጣኑ መንገድ ይመስላል። ችግሩ ፋይሉን አንድ ፕሮግራም ከተጠቀመበት በኋላ ማንሳት አለመቻሉ ነው። ኤልፒ5523 የሚባለውን የኤልኢዲ ቺፕ ተመልከቱ፦ 9 የኤልኢዲ መስመሮችና 3 የፕሮግራም ሞተሮች አሉት፤ ድራይቨሩም ለሞተሮቹ የማሽን ኮድ የሚጫንባቸው የራሱ ፋይሎች አሉት። ቺፑ የሚችለውን ሁሉ ይሰጣሉ፣ ነገር ግን በእነሱ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ሌላ ቺፕ ላይ አይሠራም። የሬጂስተር ስም በፋይል ስም ላይ ካያችሁ ንድፉ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ዝግጁው በይነገጽ የብርሃን መጠንና የሚሊሰከንድ ጥንዶችን «ኤችደብሊው_ፓተርን» በሚባል ፋይል ይቀበላል። ፋይሉ የሚታየው ድራይቨሩ «ፓተርን_ሴት» እና «ፓተርን_ክሊር» የሚባሉትን ሁለቱንም ተግባራት ሲሞላ ነው። አንዱን ብቻ ከሞላችሁ ትሪገሩ አስጠንቅቆ ሁለቱንም ይሰርዛቸዋል፤ «ፋይሉ የት ጠፋ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

4. ጥንዶቹን ወደ ቺፑ ቋንቋ መለወጥ

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

ኤስሲ27ኤክስኤክስ የሚባለውን የቺፕ ቤተሰብ እንውሰድ። አራት ምዕራፎች አሉት፦ መውጣት፣ ላይ መቆየት፣ መውረድ፣ ጠፍቶ መቆየት። ጊዜ የሚለካው በ125 ሚሊሰከንድ እርምጃ ሲሆን ትልቁ 255 እርምጃ፣ ማለትም 31,875 ሚሊሰከንድ ነው። ተጠቃሚው «0 1000 128 500 128 1000 0 2000» ብሎ ሲጽፍ ወደ ሬጂስተሮቹ የሚገቡት ቁጥሮች 8፣ 4፣ 8 እና 16 ናቸው።

መጀመሪያ ቅርጹን አረጋግጡ። ጥንዶቹ አራት ካልሆኑ፣ አንደኛውና አራተኛው ብርሃን ዜሮ ካልሆነ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እኩል ካልሆኑ «ኢኢንቫል» (ልክ ያልሆነ ግቤት የሚል የስህተት ኮድ፣ ማይነስ 22) መልሱ። ሊሠራ የሚችለውን ብቻ ወስዶ ሌላውን ዝም ብሎ መጣል ደግነት አይደለም። የጻፈው ሰው ትእዛዙ ተቀባይነት እንዳገኘ አምኖ መብራቱን ሲያይ ሌላ ነገር ያያል፣ ምክንያቱን የሚያገኝበትም መንገድ የለውም።

ቀጥሎ ማጠጋጋት ነው። 300 ሚሊሰከንድ የ125 ብዜት ስላልሆነ ወደ 250 ይጠጋጋል። የተጠጋጋውን ቁጥር በመጣላችሁ የጥንዶች ዝርዝር ውስጥ መልሳችሁ ጻፉት፤ ተጠቃሚው ፋይሉን ሲያነብ በተግባር የሚሠራውን ጊዜ ያያል። ይህች አንድ መስመር ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ትሻላለች።

የማጠጋጊያው ቅደም ተከተልም ወሳኝ ነው። ለማጠጋጋት የእርምጃውን ግማሽ (62) ደምረን በ125 እናካፍላለን። ጊዜው ምልክት የሌለው 32 ቢት ቁጥር ስለሆነ አንድ ሰው 4294967295 ቢጽፍ፣ 62 ሲደመርበት ዞሮ 61 ይሆናል፤ ረጅሙ ጥያቄ ወደ አጭሩ ተለወጠ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በገደቡ ከርክሙ፣ ከዚያ ደምሩ፣ በመጨረሻ አካፍሉ። ከገደቡ እጅግ የራቀ ጥያቄ ሲመጣ ግን መከርከሙን ትቶ ስህተት መመለስ የተሻለ ነው፦ 300ን 250 ማድረግ ማጠጋጋት ነው፣ አንድ ደቂቃን ግማሽ ደቂቃ ማድረግ ግን ሌላ ፓተርን መሥራት ነው።

ዜሮ ጊዜም ልዩ ትርጉም አለው። በሶፍትዌሩ ፓተርን ብርሃኑ ከአንዱ ጥንድ ወደ ቀጣዩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው፤ በቅጽበት እንዲዘል የሚፈልግ ሰው ያንኑ ብርሃን ከዜሮ ጊዜ ጋር ይደግመዋል፣ ለምሳሌ «0 1000 0 0 255 1000 255 0»። ቺፓችሁ መዝለል ብቻ የሚችል ከሆነ ይህን ቅርጽ አስገድዱ። የኳልኮም ኤልፒጂ ድራይቨር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ከየሁለቱ ጥንድ ሁለተኛው ዜሮ ጊዜ ከሌለው ወይም ብርሃኑ ከመጀመሪያው ከተለየ አይቀበልም። ትንሹ ጊዜው 125 የሆነ ቺፕ ግን ዜሮን ወደ 125 ሲያሳድግ ዝላዩ ተንሸራታች ይሆናል፤ ይህን በሰነዱ ላይ ጻፉት።

የድግግሞሹ ቁጥር −1 ከሆነ ያለማቋረጥ ማለት ነው። ቺፑ መቁጠር የማይችል ከሆነ ከ−1 ሌላ ላለው ሁሉ ስህተት መልሱ። «ሪፒት» ፋይል ላይ ሲጻፍ ፓተርኑ እንደገና ስለሚጀምር «ፓተርን_ሴት» በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሊጠራ እንደሚችል አትርሱ።

ወደ ሬጂስተር ስትጽፉ መጀመሪያ የፓተርን ሁነታውን አጥፉ፣ ጊዜዎቹን ጻፉ፣ የብርሃኑን መጠን ጻፉ፣ ማስነሻውን ቢት መጨረሻ ላይ አብሩ። የብዙ መስመሮች ማስነሻ አንድ ሬጂስተር ውስጥ ስለሚገኝ ሙሉውን ቅደም ተከተል በአንድ ሙቴክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚያስገባ ቁልፍ) ቆልፉ። ሬግማፕ (ከርነሉ ሬጂስተሮችን ለመጻፍና ለማንበብ የሚያቀርበው መሣሪያ) እያንዳንዱን ጥሪ ለብቻው ይቆልፋል እንጂ በጥሪዎቹ መካከል ሌላ እንዳይገባ አይከላከልም።

5. ማጽዳትና ማቆም

«ፓተርን_ክሊር» ምንም ፓተርን ሳይኖርም ሊጠራ ይችላል፤ ተደጋግሞ ቢጠራ ጉዳት እንዳያደርስ አድርጋችሁ ጻፉት። የብርሃን መጠን የሚቀይረው ተግባርም የፓተርን ሁነታውን ቀድሞ ማጥፋት አለበት፣ አለዚያ አዲሱ ቁጥር ተጽፎ ቺፑ አሮጌውን ፓተርን መቀጠሉ አይቀርም።

6. መሣሪያው ሲተኛ

ሃርድዌር ፓተርን ትልቁ ጥቅሙ ፕሮሰሰሩ ተኝቶም መሥራቱ ነው። «ኤልኢዲ_ኮር_ሰስፔንድሪዙም» የሚባለውን ባንዲራ ከሌላ ድራይቨር ገልብጣችሁ ካስቀመጣችሁ ግን ከርነሉ በእንቅልፍ ሰዓት ብርሃኑን ዜሮ ያደርገዋል። የቺፑ የኃይል ምንጭና ክሎክም በዚያ ሰዓት እንደማይቋረጡ አረጋግጡ።

7. ሰነድና ሙከራ

የጥንዶቹ ትርጉም ከቺፕ ቺፕ ስለሚለያይ እያንዳንዱ ድራይቨር በከርነሉ ሰነዶች የኤልኢዲ ማውጫ ውስጥ የራሱን ማብራሪያ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። ቅርጹን፣ እርምጃውን፣ ገደቡንና አንድ የሚሠራ ምሳሌ ጻፉ፤ ሌላው ትርፍ ነው።

ስትሞክሩ አንድ ዑደት አትለኩ። ከላይ ያለው ምሳሌ አንድ ዑደቱ 4.5 ሰከንድ ስለሆነ 10 ዑደት ቆጥራችሁ 45 ሰከንድ መውሰዱን እዩ። በግልጽ ከራቀ እርምጃውን በስህተት አስልታችኋል ወይም የቺፑ የውስጥ ክሎክ ይንሸራተታል። ከዚያ ፓተርኑ እየሄደ ሳለ ትሪገሩን ቀይሩ፣ ብርሃኑን ዜሮ ጻፉ፣ የድራይቨሩን ሞጁል ከከርነሉ አውጡ። ሞጁሉ ከወጣ በኋላ መብራቱ መተንፈሱን ከቀጠለ የማስነሻውን ቢት የሚያጠፋ ማንም የለም ማለት ስለሆነ በድራይቨሩ የመውጫ መንገድ ላይ ጨምሩት።