ኤኤንአሩ አልሠራም? መጀመሪያ የጆሮ ትራሱን እዩ፦ የፓይለት ሄድሴት ችግርና መፍትሄ

ኤኤንአር ማለት በሄድሴቱ ውስጥ ያለው፣ ጫጫታን በኤሌክትሮኒክስ የሚቀንሰው ክፍል ነው። ባትሪ ቀይራችኋል፣ ማብሪያው በርቷል፣ ጃኮቹም እስከ መጨረሻው ገብተዋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ ኤኤንአሩ በርቶም ጫጫታው አይቀንስም። ጭንቅላት ሲዞር ደግሞ ጆሮ ውስጥ ይንኳኳል።

ለጥገና ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ ይሄው ናቸው። "ጋሼ፣ ሰርኪዩቱ ተቃጥሏል መሰለኝ" ይሉኛል። ሰርኪዩቱ ደህና ነው። ያለቀው ትራሱ ነው።

በጆሮ ማቀፊያው ውስጥ ትንሽ ማይክ አለ። የገባውን ጫጫታ ይሰማል፤ ሰርኪዩቱ ተቃራኒውን ድምፅ ያወጣና ይጠፋፋሉ። ይሄ የሚሠራው በወፍራሙ ድምፅ ላይ፣ ማለትም በሞተርና በፕሮፔለር ጉርምርምታ ላይ ነው። ቀጭኑን የንፋስ ፉጨት የሚያግደው ትራሱና ማቀፊያው ነው። ትራሱ ካፈሰ ወፍራሙም ቀጭኑም ይገባል፤ ሰርኪዩቱም ከአቅሙ በላይ ሲታገል መንኳኳት ይጀምራል።

መፈተኛው ቀላል ነው። መሬት ላይ፣ ሞተር ተነስቶ፣ ሁለቱን ማቀፊያዎች በመዳፍ ወደ ጭንቅላት ጫን አድርጉ። ጫጫታው ከቀነሰ ጥፋቱ የትራሱ ነው።

ሴስና 172 በምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ላይ የሚማር አንድ ልጅ የተሰነጠቀውን ትራስ በፕላስተር ጠቅልሎ አመጣልኝ። ፕላስተሩ ተጨማድዶ በየእጥፉ ንፋስ ያስገባል። ሌላዋ አዲስ ሄድሴት ገዝታ "አይሠራም፣ ልመልሰው" አለች። የፀሐይ መነጽሯን አስወለቅኳት። ወዲያው ፀጥ አለላት። የመነጽሩ ክንድ ወፍራም ነበር፤ ቀጭን ክንድ ያለው ገዛች፣ ሄድሴቱን እስካሁን ትበርበታለች።

ፎርጅድ ትራስ ግን አታስገቡ! ኤኤንአር የሚስተካከለው በራሱ ትራስ ልክ ነው። ርካሹን ስፖንጅ የገጠሙ ሰዎች የባሰ ጫጫታ ይዘው ይመለሳሉ። ትራሱን በአልኮል አትጥረጉት፣ ይደርቃል። ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ውስጥ አትተዉት። ሳትበሩ የምትቆዩ ከሆነ ባትሪውን አውጡ፤ ሲያፈስ ማያያዣውን ይበላዋል።

ምልክት፦ ታወር (የበረራ መቆጣጠሪያው) "ድምፅህ አይሰማም" ይላል። ማይኩ ከከንፈር ርቋል ወይም ዞሯል። ጫጫታ የሚቀንስ ማይክ በሁለት በኩል ክፍት ነው፤ ምልክት የተደረገበት ጎን ወደ ከንፈር ይዙር፣ ርቀቱም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። አገጩ ሥር አውርዶ "ሬዲዮው ደካማ ነው" የሚል ሰው ያናድደኛል።

ምልክት፦ በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማል። አውሮፕላኑ ሞኖ ሆኖ ሄድሴቱ ስቴሪዮ ላይ ነው። ማብሪያውን ወደ ሞኖ አዙሩ።

ልትገዙ ከሆነ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ሞክሩት። መለዋወጫ ትራስ ለብቻው እንደሚሸጥ ጠይቁ፤ ከሌለ አትግዙ። ጃኩንም እዩ፦ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሁለት ጃክ፣ ሄሊኮፕተር አንድ፣ ብዙዎቹ ኤርባሶች ደግሞ ኤክስኤልአር የሚባለውን ባለ አምስት ፒን መሰኪያ ይጠቀማሉ። ባትሪው ሲያልቅ ሬዲዮው መሰማቱን መቀጠል አለበት፤ ኤኤንአሩን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ኤኤንአር የማስጠንቀቂያ ድምፅንና የሞተር ድምፅ ለውጥን ሊሸፍን ስለሚችል፣ የአውሮፕላናችሁ ማስጠንቀቂያዎች ሄድሴቱ በርቶ በደንብ እንደሚሰሙ መሬት ላይ አረጋግጡ። ያገለገለ ከሆነ የጃኩን ሥር ይዛችሁ ገመዱን ወዘወዝ አድርጉ፤ ከተቆራረጠ ለሻጩ መልሱለት።